ኪስ የምትገባ ዓይን

የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ፣
እንጀራዬ ቁጥር ነው፤ አልበላም ተቀምጬ።
ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ነው የምወጣው፣
የሊፍቱን ጉድጓድማ ርግብ ነው የወረሰው።
ቁጥር ስጽፍ ስውል፣ ቁጥር ያልሆነ ነገር
ዓይኔ ላይ ይከማቻል፣ አይመች ለመናገር፦
ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ በገመድ የወረደ ሽሮ፣
ጤፍ ማሳው ዳር የቆመ ክሬን፣ አንገቱን አዙሮ፣
በር ላይ የተደረደረ የስድስት ሰው ጫማ፣
አንዱ ግራ እግር ብቻ፣ የቀኙ ወሬ ያልተሰማ።

«ስልክ የለሽም?» ይሉኛል። አለኝ፤ የመሥሪያ ቤት ነው፣
ያነሳሁትን ሁሉ አለቃዬ ነው የሚያየው።
ባትሪውም እንደ ደመወዜ ሳይጋመስ ያልቃል፤
ደግ ነገር ባየሁ ቁጥር እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

ሰኔ ላይ እቁብ ደረሰኝ። እህቴ «ፍሪጅ» አለች፣
ነፍሴ ግን ጉዲሳ ሱቅ፣ መስታወቱ ሥር ውላለች።

ጉዲሳ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አደባባዩን አለፍ ብሎ፣
አሮጌ ካሜራ ይሸጣል፣ «እንደ አዲስ ነው» ሲል ምሎ።
ፎጣ ዘርግቶ ሦስት ደረደረ፣ እንደ ሐኪም ዕቃ፤
አንዷ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሲነኳት የምትነቃ።
«ከዚህ ቆመሽ የረር ላይ ያለ ዛፍ ትቆጥሪባታለሽ።»
ቆጠርኩ። እውነቱን ነው።
ግን አንቺ ሩቅ አሳዳጅ፣ ደረጃ ቤት ጨለማ ውስጥ ምን ታያለሽ?

ሁለተኛዋ ቀይ ናት። «ሰው ፈገግ ሲል» አለ ጉዲሳ፣
«ራሷ ታነሳዋለች።»
ቆጣሪ ላነብ ሳንኳኳ ማን ፈገግ ሊል? በረሃብ ልትከሳ!

ሦስተኛዋ ጥቁር፣ ጥግ ጥጓ የተላጠ፣
ሌንሷ እንደ ግትር ዳኛ ከወንበሩ ያልተናወጠ።
«ይቺ አትሳብም፣» አለኝ፣ «ሩቁን ካሻሽ፣ ቅረቢ።»
ሳቅሁ። ይህን ለማን ይነግራል? ለቆጣሪ አንባቢ?

ከብዕሬና ከባትሪዬ ጎን፣ ሰደርያ ኪሴ ገባች፤
ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ፤ አልወደቀች፣ አልከበደች።
«መታወቂያሽ እኔ ጋ ይቆይ፣ እስከ ነገ ሞክሪያት።»
ጠዋት ከብሎክ አሥራ ሁለት በር፣ ጭቃ ላይ ነው የጀመርኳት።

ዘበኛው ኦቦ ቶለሳ፣ ይህን መሬት ያርስ የነበረ፣
ካሜራዋን ሲያይ ኮቱን ቆለፈ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ።
«እኔን ተዪኝ» አለና በዱላው ጠቆመኝ ወደ ታች፤
በፍሳሹ ክዳን ስንጥቅ፣ ጤፍ በቅላለች፣
ማንም ያልዘራት፣ ስድስት ሰባት ቅጠል፣ ጤዛ የተሸከመች።
«ከኔ ዘር የቀረች ናት» አለ፣ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ።
ያቺ አፍንጫ ረጅሟ ብትሆን፣ ቆሜ በሳብኳት ከሩቅ።
ይቺ ግን አትሳብምና፣ ተንበረከክሁ ጭቃው ላይ፣
እስትንፋሴ ጤዛውን እስኪነካ፤ ከጀርባዋ ፎቁ፣ ጥቂት ሰማይ።
ስታነሳ ድምፅ የላትም፤ ጥፍር ጥፍርን እንደነካ።
«አለቀ?» አለ ኦቦ ቶለሳ፤ ፍንዳታ ይጠብቅ ነበር ለካ።

ካርቶን የላትም፣ ቻርጀሯ የሌላ ነው፤ ተከራከርን፤
ሁለት ጊዜ ጥዬ ወጣሁ፣ በሦስተኛው ተስማማን።
መስከረም ላይ ፈቃድ አለኝ፤ አርባ ምንጭ፣ አክስቴ ጋ፤
ሐይቁን አዞውን ፈርቼ፣ ግን ቀስ እያልኩ ልጠጋ።

ያን ጠዋት መስኮቷ ላይ፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ አንድ፣
ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከቆጣሪዎቹ ተራ፣ በልማድ።
የሒሳብ ክፍሏ በለጥሻቸው መዝገቡን ገልጣ፣
«ይሄ ደግሞ የማን ቤት ነው፣
አንድ ብቻ የቆጠረ?» አለችኝ አፍጥጣ።