ፈረደ ይፍረድ

ቅርያት ያም ዳር ነው፣ ከአሸዋው ጫፍ ላይ፣
የሰሌን ጣሪያ ያለው፣ ከሩቅ የሚታይ፤
አቪራም የሚሉት፣ ቧንቧ ሠሪ የነበረ፣
«ቲኪ ነው» ብሎ ነው መጠጥ ቤት የጀመረ።
አንድ ደሴት አላየ፤ ዋና እንኳ አይሆንለት፤
ግን ቀርከሃ ገትሮ ችቦ ለኮሰበት።

እኔን፣ ጡረተኛውን የማዘጋጃ ቤት አናጢ፣
«ፊት ቅረጽልኝ» አለኝ፣ «ጥርሱን ያገጠጠ፣
ዓይኑ ጎልቶ ወጥቶ በሰው ላይ ያፈጠጠ።»
ጠረብኩ። ጠረብኩለት። እናቴ ብታየኝ
«ጣዖት ነካህ?» ብላ ወንዝ ባወረደችኝ።
እንጨቱም የዘንባባ፣ ማዘጋጃው የጣለው፤
ለምን እንደሞተ ኋላ የምነግራችሁ ነው።

አንድ ማታ ታዲያ፣ ወንበር ስናነባብር፣
«እንስሳ የሌለው ቲኪ» አለን «ባዶ መቃብር።
ምን ይስማማዋል? በሉ!» ያልተናገረ የለ፤
ሁሉም የልቡን አውሬ ጠረጴዛ ላይ ጣለ።

ሚስቱ ሊሞር በቀቀን አመጣች ከሐይፋ፣
ክንፉ ሲዘረጋ ከባንኮኒው የሰፋ።
በሳምንት «ሒሳብ!» ማለት ለመደ፤ ሳቅንለት፤
በወሩ ግን ሌላ ዜማ ተገኘበት።
ሐሙስ ማታ፣ ቤቱ ጢም እንዳለ፣ ድንገት
የሳይረኑን ጩኸት ለቀቀው በሙሉ ድምፀት—
ሰው ሁሉ በረረ ወደ መጠለያ፣
ከነገለባው ቀረ የብርጭቆው ገበያ።
እኔም ጎንበስ አልኩኝ ከጣዖቴ ሥር፤
እሱ ከዘንጉ ላይ ላባውን ሲያማምር!
ያን ማታ ሳይከፍሉ የሄዱ አሥራ ዘጠኝ፤
በነጋታው ወፉ ተሸጠ፤ ማንም አልጠየቀኝ።

የአቪራም ወንድም ውሻ ካናቴራ ለብሶ መጣ፤
የአበባ ጉንጉኑን በልቶ ለሐኪም ሁለት መቶ ሸቀል አስወጣ።

«ኤሊ!» አለች ኖፋር፣ መጠጥ ቀማሚዋ፣
«ከደሴት ሕዝብ ጋራ ጥንት ነው ዝምድናዋ።»
የባሕር ኤሊ ግን ጌታዋ መንግሥት ነው፤
እንቁላሏ እንኳ አጥር ነው ያለው፤
በሰኔ ጨለማ መጥታ ታለቅሳለች፣
ጥላ ትሄዳለች፤ ባንኮኒ መች ታውቃለች።

«እውነቱን ከፈለጋችሁ» አለ አንድ ተማሪ፣
«አሳማ ነው ደሴት ላይ ለሀብት መስካሪ።»
ጸጥ! የኮሸር ተቆጣጣሪው እዚያው ነበር ለካ፤
የግድግዳውን ወረቀት በዓይኑ ነካ ነካ።
እኔም «ያ ነገር» ነው የምለው፤ በአፌ አልጠራም፤
ልጁ ቢራውን ጨርሶ ሁለተኛ አልመጣም።

አንዲት የመንገድ ድመት፣ የጆሮዋ ጫፍ ቁርጥ፣
ያለ ማንም ፈቃድ አናቱ ላይ ቅምጥ።
እንሽላሊት ደግሞ፣ ያለ ደሞዝ ሠራተኛ፣
ከአምፖሉ ሥር ትንኝ ስትለቅም አትተኛ።

የስሜን ትርጉም ነግሬው፣ ያ ሰው መች ይረሳል!
«ፈረደ ይፍረድ» ሲል ቤቱ ሁሉ ይነሣል።

እሺ፣ ስሙኝ፣ አልኩኝ። ያ ዘንባባ በቁሙ
ማን ነው የመጠጠው ከቅጠሉ እስከ ደሙ?
ቀይ ጢንዚዛ ነው፣ አፍንጫው እንደ መርፌ፤
ስንቱን ከግንዱ ውስጥ ለቀምኩት በመዳፌ!
ከሩቅ ምሥራቅ ደሴት በመርከብ የመጣ፣
ያለ ቪዛ ገብቶ ጎጆ የወጣ።
ከመካከላችን እሱ ብቻ ነው ደሴት የሚያውቀው፤
የእኛ አበባ ፕላስቲክ፣ ችቧችንም ጋዝ ነው።
ቲኪ ቢባል አምላክ፣ ቢባል ጌጥ፣ ቢባል ሳቅ፣
እሱ ባይበላልኝ እንጨቱ መች ይወድቅ?
ፈረድኩ።

ማንም አልሳቀ። ሊሞር ብርጭቆ ታብሳለች።

ሲዘጋ፣ መብራት አጥፍቼ ስቀር ብቻዬን፣
ከጣዖቱ ደረት ላይ አስጠጋሁ ጆሮዬን።
ክርር… ክርር… አለ።
ዘመዱ ይሁን እሱ፣ ወይስ የእኔ እርጅና?
ድመቷ ግን ሰማች፤ ቁራጭ ጆሮዋ ቀና።
ከመሳቢያው ውስጥ አለ የነቀዝ መድኃኒት።
ነገ፣ አልኩ። እንግዳ ነው፤ ይብላ ለዛሬ ሌሊት።