ከምን ላይ?

ከሰዓት ድሬዳዋ በር ዘግታ ትተኛለች፤
ፀሐይ ብቻ ሳታርፍ ቆርቆሮ ትጠብሳለች።
እኔ ታይዋን ገበያ፣ ከአክስቴ የአንሶላ ክምር ሥር፣
ወረቀቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ከመቶኛ ጋር
እንተያያለን።
ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ነው የሚሰጡት፤
እኔ ግን ይሄን አንዱን ከቀትር ጀምሮ ይዤዋለሁ።

«አንድ ነጋዴ በዕቃው ላይ ሃያ በመቶ ጨመረ፤
ገዢ ሲጠፋበት ደግሞ ሃያ በመቶ ቀነሰ።
ሀ. አተረፈ
ለ. ከሰረ
ሐ. ከነበረበት አልተነቃነቀ
መ. መልስ የለም»

ሐን ከበብኩ። ሃያ ገብቶ ሃያ ከወጣ፣
ኪሳራው ከየት መጣ?

ጋሽ ዘርጋው፣ ሠላሳ ዓመት የባቡር ትኬት የቆረጡ፣
አሁን ከዚራ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ከኛ ጋር የተቀመጡ
(የሻይ ብቻ ነው የሚያስከፍሉን)፣
መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው መልሴን አዩና
«ሆዳን» አሉኝ፣ «ሃያው ከምን ላይ ነው?»
ከምን ላይ። ሌላ ነገር አይጠይቁም።
ከመቶ ላይ ሃያ በመቶ፣ ሃያ ብር ነው፤
ከመቶ ሃያ ላይ ግን ሃያ አራት።
ቀሪው ዘጠና ስድስት። አራት ብር መንገድ ላይ ቀረ፤
ሌባ ሳይነካው፣ ስሌቱ ውስጥ ተቀበረ።

ለአክስቴ ለሰፊያ ነገርኳት። ፊደል አልቆጠረችም፤
እንኳን ልትገረም፣ ከምታጥፈው አንሶላ ቀና አላለችም።
«ይሄን ለማወቅ» አለች፣ «ፈተና ያስፈልጋል?
የሰባ ግመል ታፋ ከከሳው ታፋ እኩል ይመዝናል?»

ቀጣዩ ደግሞ ይኸው፦ «ሃያ በመቶ ተቀንሶለት
በስድስት መቶ አርባ ብር የተሸጠ ልብስ፣ መጀመሪያ ስንት ነበር?»
ቸኩዬ ሃያ በመቶ ደመርኩበት፤
ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት።
ቁጥሩ ከምርጫዎቹ መሃል ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ኖሯል፤
እንደኔ ላለ ችኩል የተጠመደ ወጥመድ።
«ወደ ነበረው የሚመልስሽ መደመር አይደለም» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣
«ማካፈል ነው። ለዜሮ ነጥብ ስምንት ብታካፍዪው
ስምንት መቶ ብሎ ይመጣልሻል።»
ማካፈል። ከወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፍኩት፣
ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

መስከረም ላይ ክፍላችን ሃምሳ ነበር፤ እያንዳንዳችን ሁለት በመቶ።
ከዚያ አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ አንዷ ተዳረች፣
አንዱ ጅቡቲ ገባ፣ ለወደብ ሸክም ተጠርቶ፤
ሙና ደወሌ ወረደች፣ የእናቷን ሱቅ ልትጠብቅ።
እንዲህ እንዲህ እያለ አስር ሰው ጎደለና
አርባ ቀረን። አሁን እያንዳንዳችን ሁለት ተኩል ነን፤
በስሌቱ፣ ሃያ አምስት በመቶ አደግን።
ቀሚሴ ግን ያው ነው፤ ቁመቴም አልጨመረ።
ከጎኔ ባዶ ወንበር አለ፤ ደብተሬን አስቀምጥበታለሁ።
ከምን ላይ አደግን?
ከሄዱት ላይ።

ማታ፣ የደቻቱ አሸዋ የቀን ሙቀቱን ሲተፋ፣
በሞባይሌ ብርሃን፣ ሠፈሩ መብራት እንደጠፋ፣
የወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለሙና ሰደድኩላት።
ኔትወርኩ ደወሌ እስኪደርስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፤
ሁለተኛውን ጀመርኩ።

መልሷ መጣ፦ «ሐ ነዋ! ሃያ ገብቶ ሃያ ከወጣ ምን ይቀየራል?
ደሞስ፣ ፈተናው እኔን አሁን ምን ይመለከታል?»
ትንሽ ቆይታ፦
«ሌላ አለሽ?»

ሳቄ መጣ። መነጽር ባይኖረኝም፣
እጄ ወደ ግንባሬ ሄደ።
«ሙናዬ» ብዬ ጻፍኩ፣ «ሃያው ከምን ላይ ነው?»

እየጻፈች ነው፣ ይላል ስልኩ።
ያቆማል።
ደግሞ፣ እየጻፈች ነው።