የእድር ወንበር

ናንሱቡጋ መጣች ከካምፓላ ተነሥታ፣
ነጭ ሰሌዳ ጠቅልላ፣ በሻንጣ ከትታ።
እዚያ ቤት አላቸው፤ ሐሳብ የያዘ ሰው ማታ ማታ ይገባል፣
አንዱ የሌላውን ሂሳብ ያያል፣ ይነቅፋል፣ ያግዛል።
«ሁለተኛው ቤት ጅማ ነው» ብላ ወስና መጥታለች፤
«ለምን ጅማ?» ብላት፣ «ማንም አልጠራኝም፣ ለዚያ ነው» አለች።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በቀን ስድስት መቶ ብር፤
እንደ አዌቱ ድልድይ፣ የሰው ቃል በላዬ ሲሻገር።
«ስታርታፕ» የምትለው ግን አፌ ላይ ቆመ፤
«ጀማሪ» ብል ቀለለ፣ «ጅምር» ብል ፈራሁ፣
ጅምር እኛ ዘንድ ቤት ነው፤
ቆርቆሮው ሳይደርስ የባለቤቱ ገንዘብ ያለቀበት፣
በመስኮቱ ዱባ የወጣበት።

አጂፕ ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣ አንድ ክፍል ተከራየን፤
ቂጦ ፉርዲሳ በር ላይ ወረቀት ለጠፍን፤
መብራት አለን፣ ሰሌዳ አለን፣ መቀመጫ አጣን።

ወደ እድሩ ወረድን።
ጸሐፊው ሙዘይን አባ ዲጋ መነጽሩን አወረደ፣
መዝገቡን ገለጠ፣ «ማን ሞተ?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደለመደ።
«ማንም።»
ብዕሩ ቆመ። «የሟች ስም» የሚለው ረድፍ ባዶ አይታለፍም፤
ጥቂት አሰበና «ለጊዜው ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ፤ አልከለከለንም።
ሠላሳ ወንበር፣ በሦስት ባጃጅ፣ በዝናብ።

ወረቀቱን አንብቦ የመጣ አልነበረም፤
ወንበሩ ሲያልፍ ያየ ግን አንድም አልቀረም።
ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ ሻሽ ያጠበቁ፣ ጃንጥላ በር ላይ የተዉ፣
«አላህ ያጽናችሁ»፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ።
ናንሱቡጋ ጆሮዬ ሥር፦ «ምን እያሉ ነው?»
«ሰው የሞተብን መስሏቸው ነው።»
ትስቃለች ብዬ ነበር።
ተነሥታ ቆመች።

«ሞቶብኛል» አለች። «ሐይቁ ዳር፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ ነበረኝ፤
አራት ዓመት ከሁለት ወር። ባለፈው መጋቢት በእጄ ዘጋሁት።
ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም።»

ተረጎምኩት፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ።
ወይዘሮ ዘምዘም ከንፈራቸውን መጠጡ፤
«አራት ዓመት? ሕፃን ነው እንግዲህ፤ እንዴት አልደረሱልሽም!»

ያን ጊዜ ነው ቋጠሮው የተፈታ።
ዳልጌ አናጢው ስለ በርጩማዎቹ አወራ፣
በስልክ ሊሸጣቸው ሥዕላቸውን አንስቶ ሲያበቃ፣
ያዘዘው ሰው ጠፍቶ፣ አሥራ ዘጠኙ ቤቱን ሞልተው፣
ልጁ የሚተኛበት እንደታጣ።
ከሰቃ የመጡ እህትማማቾች፦ ማር፣ ብልቃጥ፣ የማተሚያ ቤቱ ቀብድ።
አንድ ጎረምሳ፦ ከቡና ገለባ ከሰል፤ ነደደ፣ ግን አጨሰ፤
ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ አባቱ መጋዘኑን ዘጋበት።
ናንሱቡጋ እያንዳንዱን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ዓመቱን፣ የሞተበትን፣
ገና የሚተነፍስ ነገር ካለው ደግሞ፣ በቀይ፣ ያንን።

«እኛም ደቦ አለን» ልላት አስቤ ነበር፣ የመጣች ሰሞን፤ ኩራት ቢጤ።
ግን ደቦ ለታረሰ ነው፣ ለደረሰ።
ገና በሰው ራስ ውስጥ ላለ ማሳ
ማጭድ ይዞ የወጣ ሰፈር አላየሁም።

«ማን ቀረ?» አለች።
በአማርኛ አልኩ። በኦሮምኛ አልኩ።
የእኔው፣ ስልኬ ውስጥ ነው፤ «ልዩ ልዩ» የሚል ስም ሰጥቼው
ሁለት ዓመት ሳልከፍተው።
አልተናገርኩም።
ሰሌዳው ግርጌ አንድ መስመር ባዶ ትታ እስክሪብቶውን ከደነች።

በነጋታው ወንበር መለስን፤ ሙዘይን ቆጠረ፣ ሃያ ዘጠኝ።
«አንዱ እግሩ ሰባራ ነበር፤ ዳልጌ ሊጠግነው ወሰደው» አልኩት፤ አመነኝ።
«ሟቹስ ታወቀ?»
«ብዙ ናቸው» አልኩ። «ለሐሙስ፣ ገበያው ሲበተን፣ አርባ አድርግልን።»
ጻፈ። ዋጋ አልጨመረም፤
ለቅሶ ቤት ቅናሽ አለው።