የአባቴ በሮች

ጨረቃ የፊልም ነው። እኔን የሚጀምረኝ
መብራት ሲጠፋ ነው፤ ጨለማው ሲሰብረኝ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሙጋድን ሲያዳፍን፣
የሰኞ ገበያን ቆርቆሮ ሲሸፍን።

ድዴን ያሳክከኛል፣ እሱ ነው አንደኛ፤
ትከሻዬ ያብጣል እንደ በሬ ሻኛ፤
ወገቤ ይወርዳል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣
የባዮሎጂ ደብተር ከእጄ ላይ ይረግፋል።
«ሻማ የት ነው?» ብላ አክስቴ ስትጠራኝ
«ሽንት ቤት ነኝ» እላለሁ፣ ድምፄ እኔኑ ሲያስፈራኝ።
ከዚያ የጓሮው አጥር። ከዚያ እኔ የለሁም።
ወይም አለሁ፤ ብቻ በሁለት እግር አይደለሁም።

ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ ሐረጎን ተሻግሬ፣
ሆጤ እማራለሁ ካቻምና ጀምሬ።
በማያውቀው አገር «ቁርበት አንጥፉልኝ»
ያለውን ታውቁታላችሁ? እኔ ነኝ፤ ሳቁልኝ።
የክፍሌ ልጆች ግን አገሬን አወቁ፤
«አባትሽስ ማን ነው?» ስነግራቸው ራቁ።
አባቴ ይመር ነው፣ ዘር ማንዘሩ ቀጥቃጭ፤
አያቱ ማረሻ ሠሪ፣ እሱ የብረት በር ሻጭ።
በሩን ይገዙታል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፤
ቤታችን ግን ውሃ አይጠጡም፤ «አሁን ጠጣን» ይላሉ።

«አባዬ፣ አንተም ነህ?» አልኩት አንድ ማታ።
የብየዳ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መልሶ፣ ለአፍታ
ዝም አለ። ከዚያ፦ «ዞር በይ፣ ዓይንሽን ይመታል ብልጭታው።»

ኅዳር ላይ ሦስት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ
ደሴን አዳረስኳት፤ የቀረ የት አለ?
ርቦኝ አይደለም የምዞር፣ አጥንትም አያምረኝም፤
የዳቦ ቤቱ ጀርባ ይሞቃል፣ እዚያ ማንም አያባርረኝም።
በየበሩ ደርሼ አፍንጫዬን ሳስጠጋ
የማውቀው እጅ ሸተተኝ፤ ሆዴን አንድ ነገር ወጋ።
ያቺ ከማጠፊያው በታች ያለች ጠባሳ፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተቀጣጥላ የምትነሳ፣
የአባቴ ፊርማ ናት።
የሐኪሙ በር የሱ፣ የወፍጮ ቤቱም የሱ፣
የሒሳብ መምህሬም በር፣ ሦስት መቀርቀሪያው፣ የሱ።
ከጅብ እንዲያድናቸው ለአባቴ ከፈሉ፤
ደብተሬ፣ ሹራቤ ከዚያ ብር ነው ሁሉ።
ሳቅሁ፤ የጅብ ሳቅ ነው። ደሴ ዝም አለች፤
አንዲት ውሻ ጮኻ ሐሳቧን ቀየረች።

ቧንቧ ውሃ ኩርባ ላይ ባጃጅ ድንገት መጣ፤
ሙሐባው ነው፣ ምጥ አድርሶ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ።
መብራቱ ፊቴን መታው። ዓይኔ አረንጓዴ ነደደ።
አልሸሸም። ክላክስ አልነካም። ድንጋይ ሊያነሳም አልወረደ።
እጁን ሰዶ ብቻ መብራቱን አጠፋልኝ፤
ልብስ ከምትቀይር ሴት ፊቱን እንደሚያዞር ሰው፣ ጨለማ ደረበልኝ።
ስንት ደቂቃ ቆምን? አላውቅም። ሞተሩ
ይንተከተክ ነበር። ከዚያ እሱ ወደ መንደሩ፣
እኔ ወደ ገደሉ።

ጠዋት መብራት መጣ። ፒያሳ ተሳፈርኩ፤
ጥፍሬ ሥር ጭቃ አለ፣ እጄን ኪሴ ቀበርኩ።
በመስታወት አየኝ። ስለ ቤንዚን ሰልፍ አወራ።
እስከ ሆጤ ድረስ የሌሊቱን ነገር ስሙንም አልጠራ።
ስወርድ ግን፣ መልስ ሲሰጠኝ፣ ሳንቲሙን ሲቆጥር፣
«የኛ ግቢ» አለኝ፣ «ገራዶ ነው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
በር የለውም። እናቴ ሁሌ እንግዛ ትላለች፣
ብሩን ስናጠራቅም ግን አንዷ ትታመማለች።»

ሄደ። መልሴን እንኳን ቆሞ አልጠበቀም።
ደወሉ ተደወለ፤ እግሬ አልተላቀቀም።
ሁለት ናቸው እግሮቼ፤ ቆጠርኳቸው። ልቤ ይመታል።
ለአባቴ አልነግረውም። ቢሰማ፣ በር ይሠራለታል።