በጥቅምት አንድ መርፌ

ሄር ቮይክት በላይፕሲግ ትራም ነጂ ነበሩ፣
ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ሐዲድ የኖሩ።
አሁን ጠዋት ጠዋት ቤታቸው እሄዳለሁ፣
ካልሲ አጠልቃለሁ፣ ክኒን እቆጥራለሁ።
ሁለት ደቂቃ ካረፈድኩ ሰዓታቸውን ያያሉ፤
«መስመር አሥራ አንድ ዛሬም ዘገየ» ይላሉ።

አምና በጥቅምት ነርሷ መርፌ ስትወጋቸው
ክንዳቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። «አንተስ?» ሲሉኝ፣
«ሥራ በዛ፣ ደግሞም ገና ነው፤ ሲበርድ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ደወል ሰምተህ ወደ ፌርማታ ብትሮጥ
የምታየው ጀርባውን ነው፣ ትራሙ ሲያመልጥ።
መርፌም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ ቢገባ ክንድህ
ሁለት ሳምንት ይፈልጋል ዘብ እስኪያቆምልህ።»

ሳቅኩ።
ኅዳር በዝናብ አለፈ፣ ታኅሣሥ በዛሬ ነገ፤
በጥር ትኩሳት መጣ፣ አጥንቴን አንድ በአንድ ፈለገ።
አሥር ቀን አልጋ ያዝኩ። በአራተኛው ደወሉ፤
ድምፄን ሰሙና ጥቂት ዝም አሉ።
«ባንተ ፋንታ የመጣችው ካልሲዬን ገልብጣ
አጠለቀችኝ» አሉ። ልስቅ ስል ሳል መጣ።
እሳቸውን አልነካም። ዕድል ነው ይባላል፤
እኔ ግን ያ የጥቅምት ጠዋት ትዝ ይለኛል።

እኛ ዘንድ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ሰው፤
ብርድ ሳይጠና ነው ገላ የሚታደሰው።
«ሳይቃጠል በቅጠል»ም እንላለን፤ ልጅ ሳለሁ
ቅጠሉ እሳት ማጥፊያ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን አየሁ፦
ቅጠሉ ቀን መቁጠሪያ ነው።
ሊንደኑ ቢጫ ሲለብስ፣ ሳይራገፍ፣ ያኔ ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት መባቻ በሩን ሳንኳኳ
ሄር ቮይክት ኮት ለብሰው ቆመዋል ለካ።
«እኔ ትናንት ተወጋሁ፤ ያንተ ተራ ነው ዛሬ።»
አንድ ፌርማታ ሄድን፣ ያለ አንዳች ወሬ።

እውነቱን ልናገር? ሥራ አልነበረም፤ መርፌ እፈራለሁ።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ክንዴን ሲይዙ ሰማሁ።
«አለቀ» አለች ልጅቷ። ከትንኝ አይብስም።
ደጅ፣ አንድ ቅጠል ኮታቸው ላይ አረፈ፤ አላራገፉትም።

ሰዓታቸውን አዩ። መስመር አሥራ አንድ ሲታጠፍ
ገና ደወል ሳይሰማ፣ ቆመን ነበር ከመንገዱ ጫፍ።