ቀጣይ ዘይት

የጅማ ሐምሌ ነው፤ ሂርማታ ላቁጦ፣
ሸምሱ በካቻቢቴ ሞተሬን አዳምጦ፣
ዘይቱን በጣቶቹ አሸና "ምነው?" አለኝ፤
"ዘይት አይደል፣ ሬንጅ ነው!" ብሎ ተቆጣኝ።
"ስትገዛ ክዳኑን እይ፤ ማኅተሙ ከላላ ተበርዟል።
የፍሬን ሸራህም ሳስቷል፤
ጊቤ ቁልቁለት ላይ ማን ይምርሃል?"

አውቃለሁ።
ያልነገርኩት፣ በሩ ላይ ያለችውን ወረቀት፤
"ቀጣይ ዘይት" ትላለች፣ በአባቴ እጅ ጽሕፈት።
ቁጥሯን ካለፍኩ ቆየሁ፤
ዘይቱ ሲለወጥ እሷም ትላጣለች ብዬ ፈራሁ።

ሸምሱ አያት።
እጁን በቡትቶ ጠረገ፣
ጉሮሮውን ጠረገ።
"የሱን ተዋት" አለኝ፣ "ያንተን ከሥሯ ለጥፍ።"
ዘይት የነካው እስክሪብቶ እያንገራገረ ሲጽፍ፣
የኔም ሰባት
እንደሱ ሰባት
አንገቷን ደፋች።