የረፋድ ወንበር

ከሐረጎ ቁልቁል፣ ጉም እየገመሰ፣
ሚኒባሱ ወርዶ ቦርከና ደረሰ።
የደሴ ካፖርቴ ኮምቦልቻ ላይ ሞቀኝ፤
አውልቄ አንጠለጠልኩ፣ ላቡ አጠመቀኝ።

ሉባባ ቆማለች ከፋብሪካው በር ሥር፣
ቅንድቧ ላይ ብናኝ፣ ትከሻዋ ላይ ክር፤
ሌሊቱን ስትሰፋ አድራ
የማታውቀው አገር ሸሚዝ፣ እጅጌ፣ እጅጌ ብቻ ቆጥራ።
«አባ ልጋብዝህ፣ ደመወዝ ወጣና፤
የጦይባ ቤት እንሂድ፣ ሳይሞላ ቶሎ ና።»

ከሞላ ቆየ እንጂ!
አምስት ጠረጴዛ፣ ከጎሚስታው ጎን፣ የሱቅ ያህል ጠባብ፤
በሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ፣ ስሙን ጽፎ ደጅ የሚጠና ሕዝብ።

ጦይባ ዱባይ ሳለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣
ከአውስትራልያኖች ካፌ ነበር አሉ
ሳህን ያጠበችው፤
ሙያውን በጎን ዐይን፣ ከእንፋሎቱ መሃል፣ ሰርቃ የወሰደችው።
አገሩን አላየች።
ረፋዱን ብቻ ነው፣ አጥፋ በሻንጣዋ፣ ይዛ የመጣችው።

ሜኑውን ዘረጋሁ። መነጽሬን ፍለጋ ገባሁ ከደረት ኪሴ።
አቮካዶ በዳቦ!
ስጠጣው ነው የኖርኩ፣ ከማንጎ ደርቤ፤
ጨው ነስንሶ መቀባት አልመጣም በልቤ።
«ለእኔ ፍላት ዋይት» አለች ልጄ።
«ምንድን ነው?»
«ቡና በወተት፤ አረፋው ሳሳ ያለ።»
«ማኪያቶ ነዋ!»
«አይደለም አባ።»
«ልዩነቱ ምን ላይ ነው?»
«ዋጋው ላይ» ብላ ሳቀች፤
ሳቋን ማዛጋት ጨረሰው።

«ቁርስ ነው ወይስ ምሳ፣ በአራት ሰዓት ተኩል?»
«ለጦይባ ሁለቱም። ላንተ ቁርስ ይሆናል።
ለኔ ግን እራት ነው።»

ከዚያ ዝም።
ግንባሯ ክንዷ ላይ፣ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ፣
ሹካዋን እንደጨበጠች።
የቡናው ማሽን፣ እንደ ተሳቢ መኪና ፍሬን፣ ጢስስ ብሎ አየር ሲተፋ፣
አርባ ዓመት ጋራዥ የኖርኩት እኔ ዘለልኩ፤
እሷ እንኳን ልትነቃ፣ ትንፋሿ ይባስ ሰፋ።

እንቁላሉ መጣ፤ ዛጎሉን ጥሎ ውሃ ውስጥ የበሰለ፣
ሆዱን ቢነኩት የሚያለቅስ፣ እንባው ቢጫ የሆነ።
አልነካሁትም። ባዶ ሳህን ደፋሁበት።

የቆመው ሰው ግን ወንበራችንን በዐይኑ ይለካል፤
ሁለት የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች፣ ቁልፍ በጣት እያሽከረከሩ፣
ኮምፒውተር ያዘለ ጎረምሳ፣
አንዲት ነፍሰ ጡር፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።
አስተናጋጁ ኑርዬ ጎንበስ አለ፦
«አባባ፣ ሌላ የሚታዘዝ አለ?»
ገባኝ። ተነሱ ማለቱ ነው፣ በጨዋ አፍ።
«ውሃ» አልኩት።
ጥቂት ቆይቶ፦ «ሌላስ?»
«ሌላ ውሃ።»
በጡረታ ብሬ ደቂቃ ገዛሁላት፣
በጠርሙስ፣ በጠርሙስ፣ እንቅልፍ ቀዳሁላት።

ሦስተኛው ላይ ተነሳሁ፤ ወንበሬን ለነፍሰ ጡሯ።
«ተቀመጪ እቱ፤ ብቻ ቀስ ብለሽ።»
ማንኪያዋ ብርጭቆውን እንዳይነካ
ስኳሯን እንደ ሌባ አማሰለች።
ካፖርቴን ልጄ ላይ ጣል አድርጌ፣ እንደ ዘበኛ ቆምኩ በስተኋላዋ።
ጦይባ ከባንኮኒው ማዶ
«አብሽር» አለችኝ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ፤
የቀዘቀዘውን አስነስታ ሌላ እንቁላል ሰበረች።

ስትነቃ፣ ጉንጯ ላይ የእጅጌዋ ስፌት ታትሟል።
«መጣ እንዴ ምግቡ?»
«አሁን ገና መጣ።»
ነፍሰ ጡሯ አንገቷን ደፍታ አቮካዶዋን አላመጠች።

በላች ልጄ። ዳቦውን ጥርግ፣ ቢጫውን በጣቷ ጥርግ።
ሒሳብ ጠራች፤ ብሯን ቆጠረች፣ ኮራ ብላ፣ አንድ በአንድ።
ከዚያ ወረቀቱን አስጠጋችው፣ አራቀችው፦
«ሦስት ውሃ ማን ጠጣ?»

ፊቴን ወደ ጎሚስታው አዞርኩ።
የሲኖ ጎማ እየነፉ ነበር፤
በጣም የሚታይ ነገር መሰለኝ።